የማይግሬን ኪኒን እግርን ሲያቀዘቅዝ

እግሩ የሚቀዘቅዝበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የሚያወራው ስለ እግሩ ነው። ጣቶቹ እንደሚደነዝዙ ይናገራል። ትንሽ ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ እንደሚይዘው፣ ቆም ሲል ደግሞ እንደሚለቀው ይናገራል። "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱ "የለም" ነው። ለዓመታት ሲውጠው የኖረው የማይግሬን ኪኒን ትዝ አይለውም። የራስ ምታት ኪኒን ብዙ ሰው ዘንድ ከመድኃኒት አይቆጠርም። ደግሞስ ጭንቅላትንና እግርን ምን ያገናኛቸዋል?

የሚያገናኛቸው የደም ቧንቧ ነው። ከማይግሬን መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚሠሩት የደም ቧንቧን በማጥበብ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ጭንቅላት ላይ ብቻ አይቆምም። እጅም እግርም ይደርሳል። አልፎ አልፎ ሲወሰድ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ችግር ላያመጣ ይችላል። በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለሉ ለወራት ሲወሰድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህ ጉዳት በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን "የማይግሬን ኪኒን ይወስዳሉ?" የምትል አንዲት ቀላል ጥያቄ ሳትጠየቅ ወራት ማለፋቸው ነው።

በዚህ ጉዳይ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ኤርጎታሚን ነው። ብዙ ጊዜ ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ኪኒን ይመጣል። ካፈርጎት በሚለው ስም የሚያውቁት ብዙ ናቸው። በብዙ አገሮች አዳዲስ መድኃኒቶች ቦታውን ወስደውበታል። ያም ሆኖ ረከስ ስለሚልና ሐኪሙም ታማሚውም ስለለመዱት፣ ዛሬም በሰፊው የሚዋጥባቸው ቦታዎች አሉ።

ምንጩ ፈንገስ ነው። ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ ይባላል። ራይ በተባለው እህልና በመሰሎቹ ዛላ ላይ ይበቅልና በፍሬው ቦታ ኤርጎት የሚባል ጥቁር አካል ያወጣል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህ የተቀላቀለበትን እህል የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ያቃጥላቸው ነበር። ከዚያ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ተቆርጦ ይወድቃል። ሕመሙን "የቅዱስ እንጦንስ እሳት" ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1095 ገደማ ፈረንሳይ ውስጥ እነዚህን ሕሙማን የሚንከባከብ፣ በቅዱሱ ስም የሚጠራ ማኅበር እስከመቋቋም ተደርሷል። ታሪኩ የሩቅ ዘመን ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ በኤርጎት የተበከለ ስናር ከእህላቸው ጋር የተቀላቀለባቸው ሰዎች በዚሁ ጋንግሪን፣ ማለትም ደም ያጣ አካል በመሞቱ፣ ተጎድተዋል። የሞቱም ነበሩ።

ኤርጎታሚንን ከዚህ ፈንገስ ለይቶ ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አርተር ስቶል ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1918 ሲሆን ቦታው ባዝል ከተማ የሚገኘው ሳንዶዝ ኩባንያ ነበር። በ1920ዎቹ ለማይግሬን መሰጠት ጀመረ። በ1938 ደግሞ ጆን ግርሃምና ሃሮልድ ዎልፍ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አንድ ነገር አሳዩ። መድኃኒቱ ሲሰጥ ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው የደም ሥር ትርታ ይቀንሳል። ሕመሙም አብሮ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ማይግሬን ማለት የራስ ደም ቧንቧ መስፋት ነው ተብሎ ታመነ። ዛሬ ባለሙያዎች ዋናውን ሚና ለነርቭ ነው የሚሰጡት። ያን ጊዜ ግን "ቧንቧውን አጥብበው" የሚለው ሐሳብ ሥር ሰደደ። መድኃኒቱም በዚያው ቀጠለ።

አሠራሩን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ኤርጎታሚን ሰውነታችን ውስጥ የሴሮቶኒንን፣ የኖርአድሬናሊንንና የዶፓሚንን መልእክት የሚቀበሉ በሮችን ይነካል። በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያለው ጡንቻ እንዲኮማተር ያደርጋል። በአፍ ከተዋጠው ውስጥ ደም ጋ የሚደርሰው ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ጉበትና አንጀት ላይ ይሰባበራል። ደም ውስጥ የገባውም ቢሆን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአብዛኛው ይጠፋል። ቧንቧው ላይ የያዘው ግን ቶሎ አይለቅም። ማኮማተሩ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለውን መጠን መለካት እምብዛም አይረዳም። ደሙ ንጹሕ ሆኖ ቧንቧው ገና ጠብቦ ሊገኝ ይችላል። በየቀኑ የሚውጥ ሰው የእግሩ ቧንቧ የሚላላበት ፋታ የለውም ማለት ነው።

እሺ፣ ሰው ለምን በየቀኑ ይውጠዋል? ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው።

ማይግሬን ያለበት ሰው ሲያመው ይውጣል። ይሻለዋል። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ራስ ምታቱ ይመለሳል። አሁንም ይውጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያመው ማይግሬኑ ይሁን የመድኃኒቱ መቅረት መለየት ያቅታል። ይህ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው፤ መድኃኒት ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚመጣ ራስ ምታት ይባላል። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ምደባ መስመሩን በግልጽ አስምሯል። ኤርጎታሚን ወይም ትሪፕታን የተባሉትን የማይግሬን መድኃኒቶች በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ መውሰድ ለዚህ ይዳርጋል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ላሉት ተራ ማስታገሻዎች ገደቡ በወር 15 ቀን ነው። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ቀን ነው። በአንድ ቀን ሦስት ኪኒን ከመዋጥ ይልቅ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ መዋጥ ይበልጥ ወደ ወጥመዱ ሊያስገባ ይችላል።

ካፌይኑም የራሱ ድርሻ አለው። በአንዱ የተለመደ ኪኒን ውስጥ 1 ሚሊግራም ኤርጎታሚንና 100 ሚሊግራም ካፌይን አለ። ካፌይን የለመደ አካል ሲቀርበት ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ኪኒኑን ማቋረጥ እጥፍ ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጠው ኪኒን መመሪያ ላይ የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሕመም 6፣ በሳምንት 10 ሚሊግራም ነው። ሌሎች አገሮች ከዚህም ዝቅ ያደርጉታል። በየቀኑ ሁለት ኪኒን የሚውጥ ሰው በሳምንት 14 ይደርሳል። ለእሱ ሁለት ኪኒን ትንሽ ነው። ከጣሪያው ማለፉን የነገረው ሰውም የለም።

እዚህ ላይ ታማሚውን መውቀስ ፈጽሞ አይገባም ባይ ነኝ። ማይግሬን ያለበት ሰው ሥራ መግባት አለበት። ልጅ ማሳደግ አለበት። ብርሃን ማየት ሲያቅተው፣ ሲያስመልሰው፣ ከዚያ የሚያወጣውን ነገር ቢይዝ ምን ይገርማል? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ያለ ክትትል ለምን ተተወ የሚለው ነው።

ጉዳቱ እጅና እግር ላይ ሲወጣ በዝግታ ይጀምራል። መጀመሪያ መቀዝቀዝ ነው። ሁለቱም እግር፣ አንዳንዴም ሁለቱም እጅ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ መደንዘዝና መጠዝጠዝ ይመጣል። ከዚያ ሲራመዱ ባት ወይም የውስጥ እግር ያማል። የቆዳው ቀለም ይገረጣል፤ አንዳንዴም ወደ ሰማያዊነት ይሄዳል። ሲብስ በዕረፍት ጊዜም፣ በተለይ ሌሊት፣ ያማል። ጣት ላይ የማይድን ቁስል ይወጣል። መጨረሻው ጋንግሪን ነው። እዚያ ደረጃ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የደረሱት ግን ጣት፣ አንዳንዴም እግር አጥተዋል። በብዛት የሚጎዳው እግር ነው፤ ያውም በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ መጠን።

ሐኪሙንም የሚያሳስተው ነገር አለ። የእግር ደም ቧንቧ ጠበበ ሲባል አእምሮ ቶሎ የሚሄደው ዕድሜው ወደ ገፋ፣ ለረጅም ጊዜ ወደሚያጨስ ወይም ስኳር ወዳለበት ሰው ነው። ማይግሬን ደግሞ ሴቶችን ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ ያጠቃል። በብዛት የሚበረታውም በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ነው። የ38 ዓመት ሴት፣ ስኳር የለባትም፣ ኮሌስትሮሏ ደህና ነው። እግሬን ይቀዘቅዘኛል ስትል "ጭንቀት ነው" ወይም "ነርቭ ነው" ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ይህ በጣም ያናድደኛል። እግሯ ላይ ትርታ አለ ወይ ብሎ በጣት መዳሰስ ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ የትርታ ቦታ የእግር የላይኛው ገጽ ላይ ነው። ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ ነው። ትርታው ከደከመ ወይም ከጠፋ ቀጣዩ እርምጃ የቁርጭምጭሚትንና የክንድን የደም ግፊት ለክቶ ማወዳደር ነው። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ እግሩ በቂ ደም እያገኘ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የግፊት መለኪያና ዶፕለር የሚባል፣ የደም ፍሰትን የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ብቻ ነው።

ቀለም ተወግቶ ቧንቧው በራጅ ሲታይም የኤርጎታሚን መልክ ይለያል። ቧንቧው ለስላሳ እንደሆነ ቀስ እያለ ይቀጥንና ክር ያክላል። በስብ የተዘጋ ቧንቧ ግን ወጣ ገባ ያለ ነው፤ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ይመስላል። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ወይም የመድኃኒት ታሪክ ያልጠየቀ ሰው ሕመሙን የቧንቧ ብግነት ሊለው ይችላል። አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምናም ሊከተል ይችላል።

እስካሁን ያወራነው ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ነው። በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት የሚመጣም አለ። እሱ ከሌላ መድኃኒት ጋር የመጋጨት ጉዳይ ነው። ከላይ እንዳልነው ኤርጎታሚን በአብዛኛው ጉበትና አንጀት ላይ ይሰባበራል። ይህን የሚሠራው ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት አብሮ ከተወሰደ መሰባበር የነበረበት ኤርጎታሚን ወደ ደም ያልፋል። ያኔ የተለመደችው አንዷ ኪኒን የብዙ ኪኒን ኃይል ይኖራታል። ከሚያግዱት መካከል ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች አሉ። ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል የተባሉት የፈንገስ መድኃኒቶችም አሉ። በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ የሚገኙት ሪቶናቪርና ኮቢሲስታት ደግሞ በጣም ኃይለኞች ናቸው። ሪቶናቪር ለኮቪድ በሚሰጠው ፓክስሎቪድ ውስጥም አለ። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍራፍሬ ጭማቂም ይህንኑ ኢንዛይም ይጫናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኤርጎታሚን መመሪያ ላይ በጥቁር ሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከሪቶናቪር ጋር አንድ ሁለት ኪኒን ብቻ ወስደው እግራቸው ደም ያጣባቸው ሰዎች አሉ።

የዚህ አስቸጋሪነት አንቲባዮቲኩን ያዘዘው ሐኪም ሌላ፣ የማይግሬኑን ያዘዘው ሌላ መሆኑ ነው። አንዳንዴ የማይግሬኑን ያዘዘ ሰው ጭራሽ የለም። የዛሬ ስንት ዓመት የታዘዘ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ታማሚው በራሱ እየገዛ ነው የሚውጠው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሚችለው የፋርማሲው ባለሙያ ብቻ ነው። እሱም የሚችለው ከተነገረው ነው።

ማጨስ ነገሩን ያባብሰዋል። ኒኮቲን ራሱ ቧንቧ ያጠባል። ለጉንፋን የሚወሰዱ፣ አፍንጫ የሚከፍቱ እንደ ሱዶኤፌድሪን ያሉ መድኃኒቶችም እንደዚያው ናቸው።

ሁሉንም ኃጢአት ኤርጎታሚን ላይ መጫን ግን ልክ አይሆንም። ማይግሬን እንዳይመጣ ለመከላከል በየቀኑ ከሚሰጡት መካከል ፕሮፕራኖሎል በጣም የታወቀ ነው። መጀመሪያ የልብ መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለልባቸው የወሰዱት ሰዎች ማይግሬናቸው ቀለል ሲላቸው ነው ለዚህ መዋል የጀመረው። ጥሩ መድኃኒት ነው። ብዙዎችን ረድቷል። እጅና እግር ማቀዝቀዝ ግን ከተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው። የልብን ምት ይቀንሳል፤ ቧንቧ እንዲሰፋ የሚያደርገውንም ምልክት ይዘጋል። ለአብዛኛው ሰው ይህ የማይመች ነገር ከመሆን አያልፍም። ሬይኖ የሚባለው ችግር ላለበት ሰው ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ሬይኖ ማለት በብርድ ወይም በድንጋጤ ጊዜ ጣቶች ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ የሚሆኑበት ሁኔታ ነው። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ከሌላው ሰው በዝቶ ይታያል። ፕሮፕራኖሎልና ኤርጎታሚን አብረው ሲወሰዱ የቧንቧው መጥበብ ይበረታል። ይህ ጥምረት ሲታዘዝ ሐኪሙ በደንብ ቢያስብበት ይሻላል።

ትሪፕታኖች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ሱማትሪፕታን ነበር። ከኤርጎታሚን ይልቅ ዒላማቸው የጠበበ ነው፤ ቧንቧው ላይም ያን ያህል ረጅም ጊዜ አይቆዩም። ቧንቧ ማጥበባቸው ግን አልቀረም። ስለዚህ የልብ ቧንቧ ሕመም፣ የእግር ቧንቧ መጥበብ ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ላለበት ሰው አይሰጡም። ከኤርጎታሚን ጋር በአንድ ቀን አይወሰዱም፤ በመካከላቸው ቢያንስ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመጡት ሲጂአርፒ የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያግዱ መድኃኒቶች በቀጥታ ቧንቧ አያጠቡም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁንና ሲጂአርፒ ራሱ ቧንቧ የሚያሰፋ ነገር ነው። እሱ ሲታገድ ሬይኖ የጀመራቸው ወይም የባሰባቸው ሰዎች ታይተዋል። በቅርቡም ይህ በመድኃኒቶቹ መመሪያ ላይ በማስጠንቀቂያነት ሰፍሯል።

አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። ቶፒራሜት የተባለውን የማይግሬን መከላከያ የሚወስዱ ሰዎች ጣቶቻቸውን በጣም ይነዝራቸዋል። እሱ የደም ዝውውር ጉዳይ አይደለም። ጣቱ ሙቀቱም ቀለሙም እንደነበረ ነው፤ ትርታውም ደህና ነው። ያስጨንቃል እንጂ ቧንቧ አልጠበበም። መንዘርና መቀዝቀዝ አብረው ከመጡ ግን ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

ሕክምናው ምንድን ነው? ኤርጎታሚን ከሆነ ምክንያቱ፣ ዋናው ሕክምና እሱን ሙሉ በሙሉ ማቆም ነው። መቀነስ አይበቃም። ሲጋራና ካፌይንም አብረው ይቆማሉ። ቀላል ከሆነ በቀናት ውስጥ እግሩ መሞቅ ይጀምራል፤ ትርታውም ይመለሳል። ከበድ ሲል ታማሚው ሆስፒታል ይተኛል። ቧንቧ የሚያሰፉ እንደ ኒፌዲፒን፣ ኢሎፕሮስት ወይም ኒትሮፕሩሳይድ ያሉ መድኃኒቶች ይሰጡታል። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ሊጨመር ይችላል። የደነዘዘውን እግር ሙቅ ውኃ ውስጥ መክተት ወይም እሳት ማስጠጋት አደገኛ ነው። ቆዳው ስለማይሰማው ሳይታወቅ ይቃጠላል። ደም ሳያገኝ ብዙ የቆየ ነርቭ ካለ ደሙ ከተመለሰም በኋላ መደንዘዙ ሳይለቅ ሊቆይ፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊኖር ይችላል።

ማቆሙ ቀላል እንዳልሆነ በግልጽ መነገር አለበት። ከ2 እስከ 10 ቀን የሚደርስ ከባድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይኖራል። ብዙ ሰው ወደ ኪኒኑ የሚመለሰው እነዚያ ቀኖች ላይ ነው። "አቁም" ብሎ ብቻ መሸኘት ስለዚህ እርዳታ አይደለም። ለነዚያ ቀኖች የሚሆን ሌላ ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ናፕሮክሲን፣ አብሮ መታዘዝ አለበት። የማቅለሽለሽ መድኃኒትም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ ማይግሬኑን የሚከላከል ነገር መጀመር ያስፈልጋል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ወይም ካንደሳርታን ያሉት እጅና እግር የሚያቀዘቅዝበትን ሰው የማይጎዱ አማራጮች ናቸው።

ፕሮፕራኖሎል ላይ ግን ደንቡ ሌላ ነው። እጄ ቀዘቀዘ ብሎ በድንገት ማቆም ለልብ አደጋ አለው። ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ማይግሬን ያለባችሁ ሰዎች አንድ ትንሽ ልማድ ብታስለምዱ ደስ ይለኛል። ኪኒን የወሰዳችሁበትን ቀን ስልካችሁ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ። ስሙንም ጻፉ። በወር ውስጥ ምልክቱ ወደ አሥር ሲጠጋ ሐኪም የማማከሪያው ጊዜ ነው። ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ፣ በተለይ አንቲባዮቲክ ወይም የፈንገስ መድኃኒት ከሆነ፣ የማይግሬኑን ኪኒን ስም ጠቅሳችሁ "አብሮ ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁ።

መጠበቅ የሌለበት ሁኔታ አለ። እጅ ወይም እግር በድንገት ከነጣ፣ በጣም ከቀዘቀዘና ካመመ፣ ወይም ጣት ማንቀሳቀስ ካቃተ፣ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የኪኒኑን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ለተቀበላችሁ ሐኪም የመድኃኒቱን ስም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የዋጣችሁበትን ሰዓት፣ በቅርቡ የጀመራችሁት ሌላ መድኃኒት ካለም እሱን ሳትጠየቁ ንገሩት።